ድመቱን ይዞ ባሕር የተሻገረው አብራሪ

ተማሪዎች ሆይ፤ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ «አሮጌው ኤርፖርት» እየተባለ የሚጠራ ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው በአቅራቢያው ካለው ከልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት ሥራ ከመጀመሩ አስቀድሞ፣ በአየር ወደ መዲናችን የሚመጣ መንገደኛ የሚያርፈው በልደታ ነበር። ዛሬ በዚያ ሰፈር ብታልፉ በአጥር ላይ ተጋድማ ፀሐይ የምትሞቅ ድመት ታዩ ይሆናል። ድመት ከለመደችው ቤትና ምድጃ መራቅን የማትወድ እንስሳ መሆኗን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ታዲያ እንዲህ ያለችውን እንስሳ በትንሽ አውሮፕላን አሳፍሮ ባሕር የተሻገረ ሰው ነበር ብትባሉ ታምናላችሁ? ታሪኩ የሚከተለው ነው።

ሰውየው ጆን ሞይሳንት ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1868 በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ግዛት፣ ከካናዳ ከመጡ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ወላጆች ተወለደ። ከዚህ በኋላ የምታነቧቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ሞይሳንት በጎልማሳነቱ ከወንድሞቹ ጋር ወደ ኤል ሳልቫዶር ተሻግሮ በሸንኮራ አገዳ እርሻ ሀብት አፈራ። ነገር ግን ተረጋግቶ ሀብቱን የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። በ1907 እና በ1909 የአገሪቱን መንግሥት በኃይል ለመጣል በተደረጉ ሙከራዎች ተካፈለ፤ ሁለቱም ከሸፉ። በ1909 የጎረቤት አገር የኒካራጓ ፕሬዚዳንት ዜላያ የአውሮፕላንን ነገር መርምሮ እንዲመጣ ወደ ፈረንሳይ ላኩት።

በዚያው ዓመት በፈረንሳይ በሬምስ ከተማ አቅራቢያ ታላቅ የበረራ ትርኢት ተደረገ። ሞይሳንት ይህን ከተመለከተ በኋላ ልቡ ከአየር ላይ አልወረደም። አብራሪነትን ሳይማር በፊት የራሱን አውሮፕላን ከአሉሚኒየምና ከብረት ሠራ። አውሮፕላኑ ግን ለጥቂት ጊዜ ከመሬት ከፍ ብሎ ተከሰከሰ። ይህም ተስፋ አላስቆረጠውም። ከአንድ ዓመት በፊት ብቻውን የፈረንሳይንና የእንግሊዝን ባሕር ተሻግሮ ዝናው ወደ ናኘው ወደ ሉዊ ብሌሪዮ ትምህርት ቤት ሄዶ ጥቂት ትምህርት ቀሰመ።

የዚያን ዘመን አውሮፕላን ዛሬ በቦሌ ከምታዩት ጋር አታነጻጽሩት። አካሉ ከእንጨት የተዋቀረና በጨርቅ የተሸፈነ ነበር። ጣራና መስኮት አልነበረውም፤ ስለዚህ ተሳፋሪው ለብርድና ለነፋስ የተጋለጠ ነበር። ሞተሩ የሚለሰልሰው በጉሎ ዘይት በመሆኑ ዘይቱ እየተረጨ የአብራሪውን ፊትና ልብስ ያበላሽ ነበር። ድምፁም ጆሮ ያደነቁር ነበር።

እንዲህ ባለው አውሮፕላን ሞይሳንት ከፓሪስ ተነሥቶ ለንደን ለመድረስ ቆረጠ። አብሮት መካኒኩ አልቤር ፊሌ ተሳፈረ። ሦስተኛዋ ተሳፋሪ ማድሞዋዜል ፊፊ የተባለችው ድመቱ ነበረች። ኦገስት 17 ቀን 1910፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 11 ቀን 1902 ዓመተ ምሕረት፣ ከካሌ ተነሥተው ባሕሩን ተሻገሩና በእንግሊዝ ምድር በደኅና አረፉ። ከዚያ በፊት ሰው አሳፍሮ ያን ባሕር በአውሮፕላን የተሻገረ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ነፋስና ብልሽት እየደጋገመ አገደው፤ ከፓሪስ ተነሥቶ ለንደን እስኪገባ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀበት። በባቡርና በመርከብ የሄደ መንገደኛ እንኳ ብዙ ጊዜ በቀደመው ነበር። ሆኖም የሕዝቡ አድናቆት አልቀነሰም፤ አብራሪውና ድመቷ አብረው የተነሡት ፎቶግራፍም እስከ ዛሬ ይገኛል።

ሞይሳንት ወደ አሜሪካ ተመልሶ በኦክቶበር 1910 በኒው ዮርክ በነጻነት ሐውልት ዙሪያ በተደረገው የበረራ ውድድር ተሰለፈ። የራሱ አውሮፕላን ስለ ተበላሸበት ሌላ አውሮፕላን በዚያው ሰዓት ገዝቶ ተነሣ፤ ተፎካካሪውንም በ43 ሴኮንድ ቀደመው። ይሁን እንጂ ክርክር ተነሥቶ ሽልማቱ በኋላ ለሌላ ተሰጠ። ከወንድሙ ከአልፍሬድ ጋር ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ የበረራ ትርኢት የሚያሳይ ቡድንም አቋቋመ።

ዲሴምበር 31 ቀን 1910 ከኒው ኦርሊየንስ ከተማ ወጣ ብሎ ለሌላ ውድድር ብቻውን ተነሣ። ሊያርፍ ሲል አውሮፕላኑ ድንገት አፍንጫውን ደፍቶ ወደ ታች ተወረወረ። ሞይሳንት ከመቀመጫው ተፈንጥሮ ወደቀ፤ አንገቱም ተሰብሮ በ42 ዓመቱ ሞተ። ባሕሩን ከተሻገረ አምስት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። ሞቱ ግን ቤተሰቡን ከአየር አላራቀም፤ እኅቱ ማቲልድ በሚቀጥለው ዓመት የአብራሪነት ፈቃድ በማግኘት ከአሜሪካ ሴቶች ሁለተኛዋ ሆነች። የወደቀበት አካባቢ በስሙ የሚጠራ የከብት በረት ሆነ፤ በኋላም የከተማው አውሮፕላን ማረፊያ ተሠራበት። ዛሬ ማረፊያው ሌላ ስም ቢኖረውም፣ በመንገደኞች ሻንጣ ላይ የሚለጠፈው መለያው ኤም፣ ኤስ፣ ዋይ የሚሉት ሦስት ፊደላት ከዚያ ከሞይሳንት በረት ስም የተወሰዱ ናቸው።

ተማሪዎች ሆይ፤ የዚህ ሰው ታሪክ ከአገራችንም ጋር የሚያገናኘው ክር አለው። የጆን ሮቢንሰንን ሕይወት የጻፉ እንደሚተርኩት፣ በ1910 በሚሲሲፒ ግዛት በገልፍፖርት ከተማ የሞይሳንትን አውሮፕላን ያየ አንድ ጥቁር ሕፃን ነበር፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም መብረርን ተመኘ። ያ ሕፃን አድጎ በቀለሙ ምክንያት የተዘጋበትን በር በትዕግሥት አስከፍቶ አብራሪ ሆነ። ኢጣልያ ኢትዮጵያን ልትወር በተዘጋጀችበት በ1935 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከአርበኞቻችን ጎን ቆመ። ከጦርነቱ በኋላ በ1944 ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠነ። በ1954 በአዲስ አበባ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አለፈ፤ የተቀበረውም በዚችው ከተማ ነው።

እንግዲህ ስለ ድመቷ እናስብ። ፊፊ ባሕሩን በደኅና ተሻገረች፤ ነገር ግን መሄድ ትፈልግ እንደ ሆነ የጠየቃት የለም፤ ልትመልስም አትችልም ነበር። ፊሌ አደጋውን አውቆ በፈቃዱ ተሳፈረ፤ እርሷ ግን የጌታዋን እጅ አምና ሄደች። ከ17 ዓመት በኋላ ቻርልስ ሊንድበርግ ከኒው ዮርክ እስከ ፓሪስ ብቻውን 33 ሰዓት ተኩል ሲበር፣ ፓትሲ የተባለችውን የድመት ግልገል ወደ አውሮፕላኑ አላስገባትም። ጉዞው የእርሷን ሕይወት ለአደጋ ሊያጋልጥ አይገባም ብሎ አስቦ ነበር። እስፓኝ በ1930 ባሳተመችው የፖስታ ቴምብር ላይ አውሮፕላኑ ሲበር ከታች ቆማ የምታይ ድመት ተሥላለች።

ዛሬም በትንሽ አውሮፕላን ድመት ይዞ የሚሄድ ሰው ይኖራል። እንዲህ ያለው ሰው ድመቷን በሳጥን ውስጥ አስገብቶ ሳጥኑን በሚገባ ማሰር አለበት፤ ያልታሰረች ድመት ደንግጣ በአብራሪው እግር ሥር ብትገባ የመሪውን መርገጫ ልታግድ ትችላለችና። ከዚህም በላይ እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ባለው ስፍራ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ክንፍ የሚያገኘው ማንሻ ኃይል ይቀንሳል፤ ሞተርም ይደክማል። ስለዚህ አብራሪው የሚጭነውን ሁሉ አስቀድሞ ይመዝናል።

ሞይሳንት ደፋር ነበር፤ ሊንድበርግም ደፋር ነበር። አንደኛው የሚወዳትን ይዟት ሄደ፤ ሁለተኛው የሚወዳትን ትቷት ሄደ። ከሁለቱ ማንኛው ትክክል እንደ ነበረ እናንተው ፍረዱ። ስትፈርዱ ግን የራሱን ሕይወት ለአደጋ የሚያቀርብ ሰውና በእርሱ የተማመነን ፍጡር ሕይወት ለአደጋ የሚያቀርብ ሰው አንድ አለመሆናቸውን አትዘንጉ። በአሮጌው ኤርፖርት በኩል ስታልፉ በአጥር ላይ የተኛችውን ድመት ብታዩ፣ ይህን ፍርዳችሁን መለስ ብላችሁ መርምሩት።