ብልሽት ፈላጊው ሪቻርድ ፋይንማን

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የምንጀምረው ከክብራቸው ነው። ይህን ሽልማት አገኘ፤ ያንን መጽሐፍ ጻፈ እንልና ሰውየውን እንደ ሐውልት አቁመነው እናልፋለን። የአሜሪካዊውን የፊዚክስ ሊቅ የሪቻርድ ፋይንማንን ታሪክ ግን ከተበላሸ ራዲዮ ልንጀምረው አስበናል። ይህን የምናደርገው ለቀልድ አይደለም። ሰውየው እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ የሠራው ዋና ዋና ሥራ ሁሉ በልጅነቱ የሰው ራዲዮ ሲጠግን ከለመደው ከአንድ ልማድ የወጣ ሆኖ ስላገኘነው ነው። ያም ልማድ ለእኛ ለተማሪዎች እጅግ የሚያስፈልገን ይመስለናል። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ፋይንማን የተወለደው በሜይ 11 ቀን 1918 በኒውዮርክ ከተማ ነው። ያደገውም በዚያችው ከተማ ዳርቻ፥ በባሕር አጠገብ በምትገኘው በፋር ሮካዌይ ነው። አባቱ ሜልቪል የደንብ ልብስ በመሸጥ ሥራ ይተዳደር ነበር። ሳይንቲስት አልነበረም፤ ልጁን ግን አንድ ትልቅ ነገር አስተማረው። አብረው በዱር ሲንሸራሸሩ የአንዲት ወፍ ስም በስንትም ቋንቋ ቢታወቅ ስለ ወፊቱ አንዳች እንደማያስረዳ፥ ወፊቱን ለማወቅ የሚሻ ሰው ዐይኑን ከፍቶ የምታደርገውን መመልከት እንዳለበት ነገረው። የነገርን ስም ማወቅ ሌላ፥ ነገሩን ማወቅ ሌላ መሆኑ በልጁ ልብ ውስጥ የተተከለው ያን ጊዜ ነው።

ዕድሜው 11 ወይም 12 ዓመት ሲሆን በቤቱ ውስጥ የራሱን ላቦራቶሪ አቋቋመ። ስሙ ላቦራቶሪ ይባል እንጂ ዕቃው ጥቂት ነበር፤ መደርደሪያ የተሠራለት አሮጌ የእንጨት ሣጥን፥ ባትሪ፥ አምፑሎችና ሽቦዎች ነበሩበት። ማታ ማታ በአልጋው ላይ ተጋድሞ፥ ማዳመጫ በጆሮው አድርጎ፥ በአነስተኛ የክሪስታል ራዲዮ ጣቢያዎችን ይሰማ ነበር። ከዚያም አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ስፍራ የተበላሹ ራዲዮዎችን በርካሽ እየገዛ ይፈታ ጀመር። ብልሽቱ ብዙ ጊዜ በዐይን የሚታይ ነበር፤ ሽቦ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል፥ ወይም ጥቅል ሽቦ ተተርትሯል። ያን አስተካክሎ ሲከፍተው ራዲዮው ይናገራል።

ዘመኑ ደግሞ የችግር ዘመን ነበር። በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ውድቀት አሜሪካን ስላደኸያት፥ ለራዲዮ ጠጋኝ የሚከፍለው ገንዘብ ያጣ ቤተ ሰብ በዛ። ስለዚህ በጥቂት ዋጋ የሚሠራ ልጅ አለ የሚል ወሬ ሲሰማ ሰው ሁሉ ይጠራው ጀመር። ልጁም ጣራ ላይ ወጥቶ አንቴና ያስተካክላል፤ ሽቦ ይቀጥላል፤ ባልገባው ጊዜም እየሞከረ ይማራል።

ከእነዚህ ሥራዎች አንዱ ዝነኛ ሆኖ ቀርቷል። አንድ ሰው ራዲዮው ሲከፈት እጅግ ይጮኽበታል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ጩኸቱ ጸጥ ይልና ራዲዮው ደኅና ይሠራል። ሰውየው የመጣለት ጠጋኝ ልጅ መሆኑን ሲያይ ገና ከመጀመሪያው አላመነውም። ልጁ ራዲዮውን አንድ ጊዜ ከፍቶ ጩኸቱን ሰማና ዘጋው፤ ከዚያም በክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይመላለስ ጀመር። ካቻቢቴ አላነሣም፤ ክዳን አልፈታም። ባለቤቱ ሊሠራ የመጣ ልጅ ስለ ምን እንደሚንጎራደድ በቁጣ ቢጠይቀው፥ እያሰበ መሆኑን ነገረው።

ምን ያስብ ነበር? የዚያን ዘመን ራዲዮ የሚሠራው ቫልቭ በሚባሉ፥ አምፑል በሚመስሉ የመስተዋት ዕቃዎች ነው። ቫልቭ ካልጋለ አይሠራም፤ ስለዚህ ራዲዮው ከተከፈተ በኋላ ሁሉም እስኪሞቁ ድረስ ጥቂት ጊዜ ይፈጃል። ከፊት ያሉት ቫልቮች ከአንቴናው የሚመጣውን ደካማ ማዕበል ይቀበላሉ፤ ከኋላ ያሉት ድምፁን ያጎላሉ። ጩኸቱ ዘወትር ቢኖር አንድ ዕቃ ተበላሽቷል ያሰኛል። ነገር ግን ቫልቮቹ ሁሉ ከሞቁ በኋላ ጩኸቱ ይጠፋል። እንግዲያው ችግሩ ያለው በመሞቂያው ጊዜ ውስጥ ነው ማለት ነው። ምናልባት የኋለኞቹ ቀድመው ይሞቁና፥ የፊተኞቹ ገና ሳይዘጋጁ ያገኙትን ሁካታ ሁሉ እያጎሉ ያወጡት ይሆናል። ልጁ እዚህ ከደረሰ በኋላ ራዲዮውን ከፈተ፤ የፊተኛውና የኋለኛው ቫልቭ አንድ ዓይነት መሆናቸውን አይቶ ቦታቸውን አለዋወጠ። ራዲዮው ያለ ጩኸት ሞቀና ጥርት ባለ ድምፅ ይናገር ጀመር። ያ ሲነቅፈው የነበረ ሰው ከዚያ ቀን ወዲህ ዋና አመስጋኙ ሆኖ ሌላ ሥራ ያመጣለት ነበር።

ዛሬ ባለ ቫልቭ ራዲዮ በየቤቱ የለም፤ የአስተሳሰቡ መንገድ ግን አላረጀም። ለምሳሌ በአሜሪካ የጭነት መኪና ነጂዎች በመንገድ የሚነጋገሩበትን ሲቢ ራዲዮ እንውሰድ። መብራቱ ፈጽሞ ካልበራ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤሌክትሪኩ ነው፤ ፊውዙና የኃይል ሽቦው ይመርመሩ። መብራቱ በርቶ ድምፅ ማጉያው ሽሽ እያለ ሰው ካልተሰማበት፥ ኤሌክትሪኩም ድምፅ ማጉያውም ደኅና ናቸውና ወደ አንቴናውና ወደ አንቴናው ገመድ መሄድ ነው። የሌላውን ድምፅ እያሰማ የእኛን ካላደረሰ፥ ማይክሮፎኑና ሲጎተት የሚውለው ገመዱ መታየት አለባቸው። ሲነኩት የሚመጣና የሚጠፋ ከሆነ የላላ ብየዳ ወይም የላላ መጋጠሚያ ይፈለግ። እንዲህ እያለ እያንዳንዱ ምልክት የዕቃውን አንድ ወገን ከጥርጣሬ ነጻ ያወጣዋል። ሳያስብ ካቻቢቴ የሚያነሣ ሰው ግን ደኅናውን ከበሽተኛው ጋር ይፈታዋል። ይህን የሚሞክር ቢኖር ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። አንቴና ሳይሰካ በሲቢ ራዲዮ ለመናገር መሞከር አይገባም፤ መውጫ ያጣው ኃይል የማሠራጫውን ክፍል ሊያቃጥለው ይችላልና። አሮጌ ባለ ቫልቭ ራዲዮ የሚከፍት ሰው ደግሞ በውስጡ ብዙ መቶ ቮልት ሊኖር እንደሚችል፥ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኃይሉ ቶሎ እንደማይጠፋ ይወቅ።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ፋይንማን በ1939 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመርቆ፥ በ1942 ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ። በዚያው ዓመት ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወዳትን አርሊን ግሪንባምን አገባ። አርሊን የቲቢ በሽተኛ ስለ ነበረች ዘመዶቹ ጋብቻውን አልወደዱትም፤ እርሱ ግን ቃሉን አላጠፈም። በ1943 የአቶም ቦምብ ወደሚሠራበት ወደ ሎስ አላሞስ ሲሄድ፥ አርሊን በአልበከርኪ ከተማ ሆስፒታል ገባች። እርሱም ሥራ በሌለበት ቀን እየሄደ ይጠይቃት ነበር።

በሎስ አላሞስ የሒሳብ ማስያ መኪናዎች ያለ ዕረፍት ስለሚሠሩ ቶሎ ቶሎ ይበላሹ ነበር። ለጥገና ወደ ፋብሪካ ቢላኩ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ፋይንማንና ባልደረባው ኒኮላስ ሜትሮፖሊስ ራሳቸው ክዳናቸውን እየከፈቱ ይጠግኑአቸው ጀመር። መንገዳቸው የታወቀ ነው፤ የተበላሸውን ከደኅናው ጋር እያስተያዩ ልዩነቱ የት ላይ እንደሚጀምር መፈለግ ነው።

አርሊን በጁን 16 ቀን 1945 ዐረፈች። በአልጋዋ አጠገብ የነበረው፥ እርሱ ራሱ ደጋግሞ የጠገነው ሰዓት፥ በሞተችበት ደቂቃ ላይ ቆሞ ተገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን ከሰማይ የመጣ ምልክት ነው ባለ ነበር። ፋይንማን ግን በዚያ ሐዘን ውስጥ እንኳ ምክንያቱን ፈለገ። ሰዓቱ ደካማ መሆኑን ያውቃል፤ ክፍሉም ደብዛዛ ነበር፤ ነርሷ የሞቷን ሰዓት ለመመዝገብ ሰዓቱን አንሥታ ወደ ብርሃን ስታዞረው ቆሞ ይሆናል ብሎ ደመደመ። ይህን ስናነብ ልበ ደንዳና ይመስለን ይሆናል። ዳሩ ግን በ1946 ለሟች ሚስቱ የጻፈው የፍቅር ደብዳቤ፥ እርሱ ራሱ ከሞተ በኋላ ታሽጎ ተገኝቷል። ሐዘኑ እውነተኛ ነበር፤ በሐዘኑ ምክንያት ግን ራሱን ሊያታልል አልፈቀደም።

እዚህ ላይ ሳንናገር ልናልፈው የማንችለው ነገር አለ። በኦገስት 1945 ሎስ አላሞስ የተሠሩት ቦምቦች ሂሮሺማንና ናጋሳኪን አጠፉ። ፋይንማን ወደዚያ ሥራ የገባው ጀርመን ቀድማ ትሠራው ይሆናል ከሚል ፍርሃት ነበር። በሜይ 1945 ጀርመን ድል ስትሆን ያ ምክንያት ጠፋ፤ እርሱ ግን ቆም ብሎ ነገሩን እንደገና አላሰበበትም። ይህንንም በኋላ ዘመን ራሱ ሳይሸሽግ ተናግሯል። አንድ ራዲዮ ከመክፈቱ በፊት በክፍሉ ውስጥ የተመላለሰ ሰው፥ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ሲመጣ አልተመላለሰም። ማሽኑ እንዴት ይሠራል ብሎ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ምን ይሠራል ብሎ መጠየቅ ሌላ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ለፊዚክስ ተማሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም፤ በሥነ ጽሑፍና በታሪክ ክፍል የምንማረው እኛም ልንጠይቀው ይገባናል።

ከጦርነቱ በኋላ ፋይንማን በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፥ ከ1950 ወዲህም በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አስተማረ። በ1951 እና በ1952 በሪዮ ዴ ጃኔይሮ ሲያስተምር ያየው ነገር ግን ለእኛ ከሁሉ የቀረበ ነው። የብራዚል ተማሪዎች የብርሃንን ሕግ አንድም ቃል ሳይሳሳቱ ይነግሩታል። በመስኮቱ በኩል ከሚታየው ከባሕሩ ውሃ ላይ የሚንጸባረቀው ብርሃን ግን ያ የሸመደዱት ሕግ የሚናገርለት ብርሃን መሆኑን አያውቁም ነበር። መጽሐፋቸውም ሲጨፈለቁ ብርሃን ስለሚሰጡ ነገሮች ትርጉም ብቻ ይሰጣል። ስኳር በጨለማ ውስጥ በፒንሳ ቢጨፈለቅ ሰማያዊ ብርሃን ብልጭ እንደሚል ቢጻፍ ኖሮ፥ አንዱ ተማሪ ቤቱ ሄዶ ይሞክረው ነበር። ፋይንማን ይህን ሁሉ በመምህራኑና በሹማምንቱ ፊት በግልጥ ተናገረ። እንግዳ ሆኖ ሳለ እንዲህ መናገሩ ድፍረት ነበር፤ ዳሩ ግን በወዳጅነት የተነገረ እውነት ነበርና ከአድማጮቹ መካከል የተቀበሉት ነበሩ።

በ1965 የብርሃንንና የኤሌክትሮንን ግንኙነት በሚያስረዳው ሥራው ከጃፓናዊው ሲንኢቲሮ ቶሞናጋና ከአሜሪካዊው ጁሊያን ሽዊንገር ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ክብሩ ያ ነው። የራዲዮ ጠጋኙ ልጅ እንደገና የታየው ግን በዕድሜው መጨረሻ ነው።

በጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኰራኵር ከምድር በተነሣች በ73 ሴኮንድ ውስጥ ተሰባበረች፤ የነበሩባት 7 ሰዎች አለቁ። ፋይንማን በካንሰር ይሠቃይ ነበር፤ ቢሆንም ከመርማሪው ኮሚሲዮን አባሎች አንዱ ሆኖ ሄደ። ከሹማምንቱ መግለጫ ይልቅ ዕቃውን በእጃቸው ወደሚያውቁት መሐንዲሶች ማዘንበልን መረጠ። የሮኬቱን ክፍሎች መጋጠሚያ የሚደፍኑት የጎማ ቀለበቶች በብርድ ጊዜ እንደሚደነድኑ፥ መንኰራኵሯ በተነሣች ዋዜማም መሐንዲሶች ብርዱን ፈርተው እንደ ተቃወሙ ታወቀ። በፌብሩዋሪ 11 ቀን በቴሌቪዥን በሚተላለፈው ስብሰባ ላይ ፋይንማን ከዚያ ጎማ ቁራጭ ወስዶ በማጥበቂያ ጨመቀና በረዶ በገባበት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነከረው። አውጥቶ ሲለቀው ጎማው ቶሎ ወደ ቦታው አልተመለሰም። ብዙ ገጽ ወረቀት ያልገለጸውን አንድ ብርጭቆ ውሃ ገለጸው።

ከዚያም የባሰ ነገር አገኘ። ሮኬቱ የሚጠፋው ከስንት አንድ ጊዜ ነው ብሎ ቢጠይቅ፥ አለቆቹ ከ100,000 አንድ ጊዜ አሉት፤ መሐንዲሶቹ ግን ከ100 አንድ ጊዜ ያህል ይሆናል ብለው ይገምቱ ነበር። ብልሽቱ ከጎማው አልፎ በሰዎቹ መካከል ነበር ማለት ነው፤ ከታች የሚታወቀው ወደ ላይ አይደርስም ነበር። ይህን ያለ ማለሳለስ ጽፎ ከኮሚሲዮኑ ሪፖርት ጋር እንዲያያዝ አደረገ። በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1988 በሎስ አንጀለስ በ69 ዓመቱ ሞተ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንውሰድ? ሁላችንም ኖቤል እንሸለማለን የሚል የለም። ነገር ግን ነገ በየመሥሪያ ቤቱ፥ በየትምህርት ቤቱና በየሆስፒታሉ የምንቀመጠው እኛ ነን፤ የሚበላሸውም ነገር በእጃችን ይሆናል። ለፈተና ሸምድደን ለፈተና የምንረሳው ትምህርት ያን ቀን አይረዳንም። የሚረዳን ምልክቱን አይቶ መቆም፥ ደኅናውን ከተበላሸው መለየት፥ ያገኙትንም ነገር አለቃ ቢቆጣም ሳይሸሽጉ መናገር ነው። ይህን ደግሞ ለመለማመድ ሮኬት አያስፈልግም፤ በቤታችን ጥግ አቧራ የጠጣ አንድ የተበላሸ ራዲዮ ይበቃናል።