በር በማንኳኳት የጀመሩት ጆርጅ ጋሎፕ

የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ለሥራ ልምምድ፣ በናይሮቢ አነጋገር ለአታችመንት፣ ቦታ ሲፈልጉ ፊልምና ቴሌቪዥን የሚመርጡት ብዙዎች ናቸው። በካሜራ ፈንታ መጠይቅ ይዘው ተመልካች እንዲያነጋግሩ ሲታዘዙ ግን ተማሪውም ወላጁም ቅር ይለዋል። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን የአንድ ሰው ሕይወት ልናስታውስ ወደድን። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጆርጅ ጋሎፕ በ1901 በአሜሪካ፣ በአዮዋ ግዛት፣ ጀፈርሰን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወተት እያደሉ ባገኙት ገንዘብ ለትምህርት ቤታቸው ጋዜጣ አቋቋሙ። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ፣ በ1922 የዕረፍት ወራት፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ ጊዜያዊ ሥራ አገኙ። ሥራው በየቤቱ በር እያንኳኩ ሰዎች ከጋዜጣ ውስጥ ምን እንደሚያነቡ መጠየቅ ነበር። አድካሚና ክብር የማይሰጠው ሥራ ነበር፤ የዕድሜ ልክ ሙያቸው ግን ከዚያ በቀለ።

ሰው በደፈናው ሲጠየቅ የሚያስከብረውን መልስ ይሰጣል። ጋሎፕ ይህን ስለተረዱ ዘዴውን ለወጡ። ጋዜጣውን ከአንባቢው ፊት ዘርግተው፣ ገጽ በገጽ አብረው እያዩ፣ በእርግጥ ባነበበው ላይ ምልክት ማድረግ ጀመሩ። ርእሰ አንቀጽ አነባለሁ የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ያነበበው የሥዕል ቀልዱን ሆኖ ተገኘ። በ1928 ዶክትሬታቸውን የተቀበሉትም በዚሁ ጥናት ነው።

በ1935 የሕዝብ አስተያየት የሚያጠና ተቋም መሠረቱ። በ1936 የአሜሪካ ምርጫ አንድ ታዋቂ መጽሔት 10 ሚሊዮን ያህል መጠይቅ በትኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ቢሰበስብም አሸናፊውን ሳተ፤ የጠየቀው በአመዛኙ ስልክና መኪና ያላቸውን ነበርና። ጋሎፕ እጅግ ያነሱ፣ ነገር ግን ከየኑሮ ደረጃው የተመረጡ ሰዎችን ጠይቀው ሩዝቬልት እንደሚያሸንፉ በትክክል ተናገሩ።

ቀጥሎ ፊታቸውን ወደ ሆሊውድ አዞሩ። በ1940 የፊልም ተመልካቾችን የሚያጠና ተቋም አቋቁመው ለአርኬኦ ስቱዲዮ መሥራት ጀመሩ። ፊልሙ ከመቀረጹ በፊት ርእሱን፣ ታሪኩንና ተዋናዮቹን ለሕዝብ እያቀረቡ፣ ትኬት ገዝቶ ማን እንደሚያይ ይጠይቁ ነበር። በዚህ ሥራ በሥራቸው የተማረው ስኮትላንዳዊ ወጣት ዴቪድ ኦጊልቪ ኋላ በማስታወቂያ ዓለም ስመ ጥር ሆነ።

በ1948 ግን ጋሎፕም ተሳሳቱ። ከምርጫው ቀን አስቀድመው መጠየቅ ስላቆሙ የመጨረሻው የሕዝብ ለውጥ አመለጣቸው፤ ይሸነፋሉ ያሏቸው ትሩማን አሸነፉ። ጋሎፕ ስሕተቱን መርምረው ዘዴያቸውን አሻሻሉ እንጂ ሥራውን አልተዉም። በ1984 በስዊዘርላንድ አረፉ።

ይህ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ኪሊማኒ ውስጥ ከያያ ሴንተር የሚወጡትን ብቻ የጠየቀ ተማሪ፣ በዚያው ሰፈር ፎቅ የሚጠብቀውና ማታ በማታቱ ወደ ካዋንግዋሬ የሚመለሰው ዘበኛ ምን እንደሚያይ አያውቅም። በእንግሊዝኛ ብቻ የጠየቀም አማርኛ ብቻ የምትናገረውን እናት አልሰማም። ያልተጠየቀ ሰው እንደሌለ ይቈጠራል፤ ፊልሙም ፕሮግራሙም ያለ እሱ ይሠራል።

ስለዚህ ልጆቻችን መጠይቅ ሲሰጣቸው እንዳይንቁት፣ ወላጆችም እንዳታስንቁባቸው አደራ እንላለን። ማንን እንዳልጠየቁ ደግመው የሚያስቡ ከሆነ ከዚያ ልምምድ ብዙ አትርፈው ይመለሳሉ።