ከእረኛው ዋሽንት እስከ ኦርኬስትራ፦ የፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ሕይወት

በመስክ ጉብኝታችን አልዌሮ ግድብ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና አልበረደችም ነበር። መምህራችን ግድቡ በ1980ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሶቪየት ኅብረት እርዳታ መሠራቱን፣ ዓላማውም ሰፊ የመስኖ እርሻ እንደነበር ያስረዱናል። የኔ ጆሮ ግን ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል። ዛፍ ጥላ ሥር መረቡን ሰብስቦ የተቀመጠ አንድ የአኝዋ ወጣት ቶም ይጫወት ነበር። ቶምን ለማታውቁት፦ እንጨት ላይ የተደረደሩ ቀጫጭን ምላሶች አሉት፤ ተጫዋቹ በሁለቱ አውራ ጣቶቹ ይነካካቸዋል። አኝዋም፣ ኑዌርም፣ መዠንግርም ይጫወቱታል። አንዱ ጓደኛችን ይሄ እኮ የእኛ ፒያኖ ነው ብሎ አሳቀን። ሌላዋ ደግሞ ቀበል አድርጋ፣ እንደ ፒያኖው ከኦርኬስትራ ጋር ተቀምጦ ቢቀዳስ ምን ይመስል ይሆን አለች።

አውቶቡስ ውስጥ ክርክሩ ጦፈ። ግማሹ ይበላሻል አለ፣ ግማሹ ያድጋል አለ። እኔ የሁለቱንም ወገን ሐሳብ አልጣልኩትም። ስመለስ ግን ይህንኑ ጥያቄ ከእኛ በፊት ያነሳ፣ ያውም በወረቀት ላይ ኖታ ጽፎ በኦርኬስትራ ፊት ቆሞ የሞከረ ኢትዮጵያዊ መኖሩን አስታወስኩ። ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ናቸው።

ወደ ሕይወታቸው ከመግባቴ በፊት ስለ ኮንቸርቶ ትንሽ ልበል። ኮንቸርቶ ማለት አንድ መሣሪያ ፊት ለፊት ወጥቶ ከኦርኬስትራ ጋር የሚነጋገርበት ድርሰት ነው። አንዱ ይላል፣ ብዙዎቹ ይመልሳሉ። ሞዛርት ለፒያኖ የጻፋቸው፣ ቁጥር የተሰጣቸው ኮንቸርቶዎች 27 ናቸው። እነዚህን ለመቅዳት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ከ40 የማይበልጡ ተጫዋቾች ያሉት ትንሹ ኦርኬስትራ ነው፤ ምክንያቱም ትልቁ ኦርኬስትራ ፒያኖውን ሊውጠው ይችላል። ትንሹ ጋ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች የሌላውን ትንፋሽ ይሰማል። እንግዲህ አንዱ መርቶ ብዙዎቹ የሚቀበሉበት ሥርዓት ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ሠርግ ቤት የዘፈነ ሁሉ ያውቀዋል።

አሸናፊ የተወለዱት በ1938 አዲስ አበባ ነው። አገሪቱ በጣሊያን ወረራ ሥር ነበረች። በዚያ ዘመን ዘመናዊ ሙዚቃ የሚባለው በአብዛኛው የሠራዊት ባንድ ሙዚቃ ነው። በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን መሠረቱን ጥለዋል፤ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሙዚቃ ብዙ ደክመዋል። ነገር ግን አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ድርሰትና ኖታ ከሥሩ የሚማርበት የራሱ የአገር ትምህርት ቤት ገና አልነበረም።

ስለዚህ ትምህርቱ ውጭ አገር ሆነ። አሸናፊ አሜሪካ ሮቼስተር ከተማ በሚገኘው ታዋቂው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው በ1962 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያዙ። ተመልሰውም ዛሬ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የምንለውን በማቋቋም ከ1963 እስከ 1968 የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። አስቡት እንግዲህ፣ ሥራውን ሲጀምሩ ገና 25 ዓመታቸው ነው። እኛ በዚህ ዕድሜ የምርምር ርእስ ማጸደቅ አቅቶን ቢሮ ለቢሮ እንዞራለን።

የትምህርት ቤቱ ሥራ ቀላል የሚመስለው በወረቀት ላይ ነው። ፒያኖና ቫዮሊን የሚያስተምር የውጭ ሰው ማምጣት ይቻላል። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት ግን በጆሮና በእጅ ከሰው ወደ ሰው የሚሄዱ ናቸው፣ መጽሐፍ የላቸውም። የፒያኖ ድምፅ ኦክታቩን ለ12 እኩል ግማሽ ድምፆች ከፍሎ ተቀምጧል፤ አንዴ ከተቃኘ ተጫዋቹ መሃል ላይ ሊያሻሽለው አይችልም። ዋሽንት ደግሞ ሸምበቆ ነው። ርዝመቱና ቀዳዳዎቹ በሠሪው እጅና ጆሮ ስለሚወሰኑ አንዱ ከሌላው አይገጥምም፤ ለዚህም ነው ዋሽንተኛ በርካታ ዋሽንት ይዞ የሚዞረው። ቶምም እንዲሁ ነው፣ ምላሶቹን ወደፊት ወደኋላ ገፋ ገፋ በማድረግ ይቃኛል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን በፒያኖ መጫወት ይቻላል፤ ነገር ግን ዘፋኙ ድምፁን ሲያንሸራትት በሁለት ቁልፎች መካከል የሚቀረውን ነገር ፒያኖው አያገኘውም። ይበላሻል ያሉት ጓደኞቼ እዚህ ላይ እውነት አላቸው።

አሸናፊ ይህን እያወቁ ነው የጻፉት። ከሥራዎቻቸው የሚታወቀው፣ የእንግሊዝኛ ርእሱን ወደ አማርኛ ብንመልሰው እረኛው ዋሽንተኛ የሚባለው የኦርኬስትራ ድርሰት ነው። ስሙ ኮንቸርቶ አይደለም። ነገር ግን አንድ ብቸኛ እረኛን በሙሉ ኦርኬስትራ መካከል የማቆም ሐሳብ ከኮንቸርቶ ብዙም አይርቅም። በ1967 ሃንጋሪ ሄደው የሃንጋሪን መንግሥታዊ ኦርኬስትራ ራሳቸው እየመሩ የገዛ ድርሰቶቻቸውን አሰሙ። ንጉሠ ነገሥቱም የብሔራዊ ደራሲነት ማዕረግ ሰጧቸው። የሚገርመው፣ በዚያው በ1967 እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የመጀመሪያ የፒያኖ ሸክላቸውን ጀርመን አገር አስቀዱ። በአንድ ዓመት ሁለት ኢትዮጵያውያን፣ አንዱ በኦርኬስትራ አንዷ በብቸኛ ፒያኖ፣ አገር ውስጥ ያልሆነላቸውን አውሮፓ ሄደው ሠሩት ማለት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ቅሬታ ልናገር። የእማሆይ ሸክላ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው፤ በ2023 ሲያርፉ ስማቸው በየአገሩ ተነሳ። የአሸናፊ የኦርኬስትራ ሥራ ግን የዚያን ያህል ጆሮ አላገኘም። ፒያኖ አንድ ሰውና አንድ መሣሪያ ይበቃዋል። ኦርኬስትራ ግን አዳራሽ ይፈልጋል፣ በርካታ የሠለጠኑ ሰዎች ይፈልጋል፣ ልምምድ ይፈልጋል፣ ይህ ሁሉ ደግሞ ገንዘብ ነው። አንድ ጊዜ ውጭ አገር የተሰማ ድርሰት እዚህ ደጋግሞ የሚጫወተው ኦርኬስትራ ከሌለ ኖታው መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

በ1968 ዳይሬክተርነቱን ትተው ወደ አሜሪካ ተመለሱ። በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦችን ሙዚቃ የሚያጠናውን ዘርፍ ተምረው በ1971 የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ፤ ጥናታቸውም በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕይወታቸው ማስተማርና መጻፍ ሆነ፦ ኒው ዮርክ ኩዊንስ ኮሌጅ፣ ቀጥሎ ብራንዳይስ፣ ከ1980 ጀምሮ ደግሞ የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ። በ1974 ማዕረጉን የሰጧቸው ንጉሥ ከዙፋናቸው ሲወርዱ እርሳቸው ባሕር ማዶ ነበሩ።

ጽሑፎቻቸውን ለተማሪ እመክራለሁ። በ1975 ስለ አዝማሪ፣ በ1977 ስለ ክራር የጻፏቸው በታወቁ የሙዚቃ መጽሔቶች ወጥተዋል። ክራሩን በሚመለከተው ርእስ ላይ የሰይጣን መሣሪያ የሚለውን ስያሜ አስገብተውታል። አያቶቻችን በገናን ለጸሎት፣ ክራርን ለጠጅ ቤት መድበው ስለነበር ነው። አዝማሪን ተሳዳቢና ለማኝ አድርጎ የሚያይ ማኅበረሰብ ውስጥ ተወልዶ፣ አዝማሪን ገጣሚና ሙዚቀኛ ብሎ በዓለም መጽሔት ማስከበር ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ በግሌ ከኦርኬስትራው ሥራ ባይበልጥ አያንስም ባይ ነኝ። በ1982 ያሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ የአፍሪካንና የጥቁር አሜሪካውያንን የዘፈን፣ የመሣሪያና የጭፈራ ቅርስ አንድ ላይ ያያል። ድርሰቱንም አልተዉም፤ የጃፓኑን ኮቶ ከፍሉት፣ ከክላሪኔትና ከቫዮሊን ጋር ያቀናጁበት ሥራ አላቸው። ለካ ቶምን ከኦርኬስትራ ጋር ማስቀመጥ ያን ያህል የእብድ ሐሳብ አልነበረም! ኮቶም እንደ ቶም በራሱ ቅኝት የሚሄድ፣ የራሱ አገርና ሥርዓት ያለው መሣሪያ ነው።

ፕሮፌሰር አሸናፊ በ1998 በስደት አገራቸው ፍሎሪዳ አረፉ። 60 ዓመታቸው ነበር። የመሩት ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ፒያኖውንም ክራሩንም፣ ማሲንቆውንም ዋሽንቱንም ያስተምራል። በሶፊያ የተማረው ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋም የአገራችንን ዜማ በፒያኖ እየተጫወተ በብዙ አገሮች አሰምቷል።

ያን ቀን አልዌሮ ላይ የቶሙን ዜማ በስልኬ ቀድቼው ነበር። ማታ ዶርም ውስጥ ስንከፍተው የግድቡ ነፋስ ይበዛበታል፣ መሃል ላይ ደግሞ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ይገባበታል። ቢሆንም ሁለቱ አውራ ጣቶች ተራ በተራ ሲጠያየቁና ሲመላለሱ ይሰማል። ሁለት ጊዜ ደግመን ሰማነው፤ ይበላሻል ሲል የነበረው ጓደኛችን ሦስተኛ እንድንደግመው ጠየቀ።