ሸክላ ሠሪው ምን ይሸጥ ነበር?

ጀማሪ ጠበቃ ሳለሁ በውርስ ጉዳይ ምክር ሊጠይቀኝ ለመጣ ሰው ሕጉን አንቀጽ በአንቀጽ ዘረዘርኩለት። አመስግኖኝ ሄደ፤ አልተመለሰም። የፈለገው ከወንድሙ ጋር ሳይቆራረጥ ድርሻውን የሚያገኝበትን መንገድ እንደነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ይህን ጥፋቴን ሳስብ እንግሊዛዊው ጆሳያ ዌጅውድ ትዝ ይለኛል።

ዌጅውድ እ.ኤ.አ. በ1730 በርስለም በተባለች የሸክላ ሠሪዎች ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ የያዘው ፈንጣጣ ጉልበቱን ጎዳው፤ በ1768 አንድ እግሩ ተቆረጠ። ሙያውን ግን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ሙከራዎችን አድርጓል፤ የምድጃ ሙቀት መለኪያ ሠርቶ በ1783 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኗል።

እኔን የሚገርመኝ ይህን ሁሉ ዕውቀት በገዢው ላይ አለማራገፉ ነው። ኑሮው የተሻሻለለት የከተማ ሰው ከስኒና ከሳህኑ በላይ መኳንንቱን መምሰል እንደሚሻ አስተውሏል። በ1765 ለንግሥት ሻርሎት የሻይ ዕቃ ሠራ። የንግሥቲቱ ሸክላ ሠሪ ለመባል ሲበቃም ያንኑ ክሬም መልክ ዕቃውን “የንግሥት ዕቃ” ብሎ ሸጠው። ሸክላው ያው ነው፤ ገዢው ግን ከሳህኑ ጋር ክብርም ይዞ ይገባ ጀመር። በ1774 ደግሞ ለሩሲያዋ ንግሥት ካትሪን የሠራቸውን ከ900 በላይ ዕቃዎች ከመላኩ በፊት ለንደን ውስጥ ለእይታ አቀረበ። የለንደን ባለጸጎች የንግሥት ገበታ ሊያዩ ጎረፉ።

ይህ የሰውን ከንቱ ውዳሴ መነገጃ ማድረግ አይደለም ወይ? የሚል አንባቢ ይኖራል። በከፊል ነው። ነገር ግን ዕቃው የእውነት ጥሩ ዕቃ ነበር። ደግሞም ያንኑ ችሎታውን በ1787 ለሌላ ዓላማ አውሎታል። በሰንሰለት ታስሮ የተንበረከከ አፍሪካዊ ምስል ያለበት ትንሽ ሜዳሊያ አሠርቶ የባሪያ ንግድን ለሚቃወሙ ሰዎች በነፃ አደለ። ሴቶች በአምባርና በፀጉር ጌጥ ላይ አስገጥመው አጌጡበት። ሰው እምነቱንም ለብሶ መታየት እንደሚወድ ዌጅውድ ያውቅ ነበር።

በ1795 ሲሞት የባሪያ ንግዱ ገና አልተከለከለም፤ እንግሊዝ የከለከለችው በ1807 ነው።

ዛሬ ባለጉዳይ ቢሮዬ ሲገባ ሕጉን ከመግለጤ በፊት ምን እንዳመጣው እጠይቀዋለሁ። ዕውቀቴ አልቀነሰም፤ ተራውን መጠበቅ ለመደ እንጂ።