ስለት መቼ ይዶለድማል? የፍሬድሪክ ዊንስሎው ቴይለር ሕይወትና የንዝረት ጥያቄ

በቆላ ድባ ዙሪያ የአንድ ገበሬ የውኃ ፓምፕ ዘንግ ሲበላ ጥገናው ውሎ አድሮ ቶርኖ ላይ ይደርሳል። ባለሙያው ስለቱ መዶልዶሙን ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ የማሽኑ ድምፅ ሲሻክር ሥራውን አቁሞ ስለቱን ይስላል። ይህን የጆሮና የእጅ ዕውቀት ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው ወደ ቁጥር ለመለወጥ ከደከሙት ሰዎች ቀዳሚው አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ዊንስሎው ቴይለር ነበር።

ቴይለር እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1856 በፊላደልፊያ፣ ጀርመንታውን ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የሃርቫርድን የመግቢያ ፈተና ቢያልፍም በዓይኑ ሕመም ምክንያት አልገባም፤ በምትኩ በ1874 በአንድ የፓምፕ ፋብሪካ የእጅ ሙያ ተለማማጅ ሆነ። በ1878 ሚድቬል የብረት ፋብሪካ በቀን ሠራተኛነት ተቀጥሮ ከቶርኖ ሠራተኛነት እስከ ዋና መሐንዲስነት ደረሰ። የምህንድስና ዲግሪውን ያገኘው በ1883 ከስቲቨንስ ተቋም ሲሆን፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎም በሜዳ ቴኒስ በጥንድ ጨዋታ የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆኖ ነበር።

በሚድቬል የሠራተኞች አለቃ ሲሆን ከቀድሞ ባልንጀሮቹ ጋር ተጋጨ። እርሱ ብዙ ሥራ ይጠብቃል፤ እነርሱ ደግሞ ማሽኑ ከዚህ በላይ አይችልም ይላሉ። ቴይለር ግን ትክክለኛውን ፍጥነት እርሱም ራሱ እንደማያውቅ ተገነዘበ። ስለዚህ በ1880 የብረት ቆረጣ ሙከራ ጀመረ። ለጥቂት ወራት የታሰበው ሥራ 26 ዓመት ፈጀ፤ ከ360 ቶን የሚበልጥ ብረትም ወደ ፍቅፋቂ ተለወጠ። የብረቱ ጥንካሬ፣ የስለቱ ቅርጽ፣ የመቁረጫው ጥልቀት፣ የማቀዝቀዣው ውኃና ሌሎችም፣ በጠቅላላው 12 ተለዋዋጮች አንድ በአንድ ተፈተሹ።

ከ1898 ጀምሮ በቤትለሄም የብረት ፋብሪካ ከማውንሰል ኋይት ጋር ሲሠራ፣ ተንግስተንና ክሮሚየም ያለበት ስቲል ወደ መቅለጫው ነጥብ ተቃርቦ ሲግል ከተጠበቀው በላይ እንደሚጠነክር ተገኘ። በ1900 የፓሪስ ዐውደ ርዕይ ላይ ጫፉ ቀልቶ እያለ ብረት ሲቆርጥ የታየው ይህ ስለት የማሽን ሥራን ለወጠ። ቴይለር ግን በዓመቱ ከፋብሪካው ተሰናበተ።

የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ፕሬዚዳንት በነበረበት በ1906 የምርምሩን ውጤት አቀረበ። ዛሬም በስሙ የሚጠራው ቀመር የመቁረጫ ፍጥነትንና የስለትን ዕድሜ ያዛምዳል። ለሀይ ስፒድ ስቲል በተለመደው 1/8 ጠቋሚ ቢሰላ፣ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር የስለቱ ዕድሜ ወደ 1/256 ይወርዳል። በዚያው ጽሑፍ ቴይለር አንድ ሽንፈትም አምኗል፤ በቆረጣ ጊዜ የሚነሣው ንዝረት ለባለሙያው ከሁሉ የከበደና ግልጽ ያልሆነ ችግር መሆኑን ጽፏል። የሚለካበት መሣሪያ አልነበረውምና መፍትሔው ስለቱንና ማሽኑን ማጠንከር ብቻ ነበር።

የመጨረሻ ዓመታቱ በክርክር አለፉ። በ1911 የአስተዳደር መርሖቹን በመጽሐፍ አወጣ፤ በዚያው ዓመት በዋተርታውን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች በሰዓት መለካትን ተቃውመው አድማ መቱ፤ እርሱም በምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ተመረመረ። 59ኛ ዓመቱን ባከበረ ማግስት፣ መጋቢት 21 ቀን 1915 አረፈ።

የቴይለር ቀመር የሚሰጠው አማካይ ዕድሜ ነው፤ አንድ የተወሰነ ስለት ዛሬ መዶልዶሙን አይናገርም። ይህን ክፍተት የሚሞላው እርሱ የተሸነፈበት ንዝረት ነው። የስለቱ ጎን ሲበላ ከብረቱ ጋር የሚፋተገው ገጽ ይሰፋል፣ ኃይሉ ይጨምራል፤ በስለቱ መያዣ ላይ የተገጠመ ሴንሰርም የንዝረቱን መጠንና ድግግሞሽ ለውጥ ይመዘግባል። ስለት በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት አገር ያለጊዜው መጣልም፣ ዘግይቶ ዘንግ ማበላሸትም ኪሳራ ነው።

ከቴይለር ሕይወት የሚወሰደው ትምህርት ግን ከቀመሩ ይሰፋል። እርሱ የሠራተኛውን ዕውቀት ወስዶ ወደ ዕቅድ ክፍሉ አስገባው፤ ጠቡም ከዚያ መነጨ። በእኛ ወርክሾፖች ሴንሰር የምንገጥም ተመራማሪዎች ምልክቱን ከባለሙያው ጆሮ ጋር ብናመሳክር፣ ውጤቱንም ለእርሱው ብንመልስ፣ ቴይለር የሳተውን እናቀናለን።