ጆን ሆላንድ፡- ከመምህርነት እስከ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ

ዓድዋ፣ አክሱም፣ መቀሌ፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ተምቤን፣ አሸንጌ፣ ዋቢ ሸበሌ። እነዚህ ለእኛ የከተማ፣ የአውራጃ፣ የሐይቅና የወንዝ ስሞች ናቸው። በ1930ዎቹ የፋሺስት ኢጣልያ ባሕር ኃይል ግን የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ስም አድርጓቸው ነበር። በአንድ ዓይነት ንድፍ ካሠራቸው 17 ሰርጓጆች ለአብዛኞቹ ያወጣላቸው ስም ከወረራት አገር ካርታ ላይ የተቀዳ ነው። ከ17ቱ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት አልፋ የተረፈችው አላጄ የተባለችው አንዲቷ ብቻ ናት።

ሰርጓጅ መርከብን ከሙከራ አውጥቶ ለባሕር ኃይሎች ያበቃው ሰው ይህን ቢያይ ምን ይሰማው ነበር ያሰኛል። ጆን ፊሊፕ ሆላንድ ይህን መሣሪያ ሲያልም በሐሳቡ የነበረው፣ በቅኝ የተያዘች ደሃ አገር ከገናና ገዢዋ የምትላቀቅበት መንገድ ነበርና። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሆላንድ በ1841 በምዕራብ አየርላንድ ሊስካነር በምትባል የባሕር ዳር መንደር ተወለደ። አባቱ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ነበር። እንግሊዝኛን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው፤ የእናቱ ቋንቋ አይሪሽ ነበር። ገና ሕፃን ሳለ የድንች ሰብልን የመታው በሽታ አገሪቱን ለረሃብ ዳረገ። በጥቂት ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አለቀ። አየርላንድን ትገዛ የነበረችው የዓለም ባለጸጋዋ ብሪታንያ ነበረችና፣ ያ ትውልድ ቂሙን ይዞ አደገ።

ሆላንድ በ17 ዓመቱ ክርስቲያን ብራዘርስ ወደተባለው የካቶሊክ መምህራን ማኅበር ገባ። በኮርክ ከተማ ሲያስተምር በ1862 ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አንድ ወሬ ደረሰው። በብረት የተለበጡ ሁለት መርከቦች ለሰዓታት ተታኩሰው አንዱ ሌላውን ማስጠም አልቻለም። የሒሳብና የሳይንስ ሰው የሆነው ወጣት መምህር ከዚህ የደረሰበት ድምዳሜ ግልጽ ነበር። ብሪታንያ ባላት ፋብሪካ ባሕሩን በብረት መርከብ ትሞላዋለች፤ ደሃ አገር ከላይ ሆኖ አይቋቋማትም። የሚቻለው ከሥር መምጣት ነው።

ከሥር መምጣት ግን ሰው የሚበላ ሥራ ነበር። በዚያው በአሜሪካ ጦርነት ሀንሊ የተባለችው በእጅ እየተዘወረች የምትሄድ ሰርጓጅ በ1863 ሁለት ጊዜ ሰጠመች። በመጀመሪያው 5፣ በሁለተኛው 8 ሰዎች ሞቱ። ከስምንቱ አንዱ ስሙን የሰጣት ሆራስ ሀንሊ ራሱ ነበር። በፌብሩዋሪ 1864 የጠላትን የጦር መርከብ አስጥማ በታሪክ የመጀመሪያዋ ሆነች፤ እሷም ከነ8 ባሕርተኞቿ በዚያው ቀረች። አንዲት ጀልባ የ21 ሰው መቃብር ሆነች ማለት ነው።

ሆላንድ በ1873 ማኅበሩን ትቶ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በኒው ጀርሲ ግዛት ፓተርሰን ከተማ እያስተማረ በ1875 ንድፉን ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ቢያቀርብ፣ የማይሠራ ነገር ነው ተብሎ ተመለሰለት። ገንዘቡን ያገኘው ለአየርላንድ ነፃነት ከሚታገሉት ፊንያን ከሚባሉት ስደተኞች ነው። በ1878 አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ 4 ሜትር ተኩል የማትሞላ ጀልባ ሠራ። በፓሴይክ ወንዝ ስትሞከር ውስጧ የገባው ሌላ ሰው አልነበረም፤ ባለ መነጽሩ መምህር ራሱ ነበር።

የሆላንድ ብልሃት ለሰርጓጅ ሰዎች ሕይወት ቁልፍ ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ ጀልባዎች ውኃ ሞልተው እንደ ድንጋይ ወደ ታች ይወርዱ ነበር። ውስጣቸው ያለው ውኃ ወዲያና ወዲህ ሲል ሚዛን ይስቱና በአፍንጫቸው ይተከላሉ። የሆላንድ ጀልባ ግን የክብደቷ ማዕከል አንድ ቦታ የጸና ነው። ሁልጊዜም ጥቂት የመንሳፈፍ ኃይል ታስቀራለች። ወደ ታች የምትሄደው በሞተሯ ኃይልና በአግድም መቅዘፊያዋ፣ እንደ ዓሣ አዘቅዝቃ ነው። ሞተሩ ቢቆም ወደ ላይ ትመለሳለች እንጂ አትሰምጥም።

በ1881 ፊንያን ራም የተባለችው ባለ ሦስት ሰው ጀልባ ውኃ ላይ ዋለች። ሆኖም ፊንያኖቹ በገንዘብ እርስ በርስ ተጣሉ፤ በ1883 ከመካከላቸው አንዱ ወገን ጀልባዋን በሌሊት ሰርቆ ወሰዳት። ሊነዷት ግን አልቻሉም። ሆላንድም ከዚያ በኋላ ከእነሱ ጋር ተቆራረጠ። ለአየርላንድ የታሰበችው ጀልባ አንድም የብሪታንያ መርከብ ሳትነካ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የውድድር፣ የጥበቃና የዕዳ ዘመን ነው። በመጨረሻ ስሙን የያዘችው 16 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ሆላንድ 6 በሜይ 1897 ተመረቀች። ከውኃ በላይ በቤንዚን ሞተር፣ ከውኃ በታች በባትሪ ትሄዳለች። በዚያው ዓመት አንድ ሠራተኛ ቫልቭ ሳይዘጋ በመሄዱ ወደብ ላይ ሰጥማ አደረች፤ ደግነቱ ውስጧ ሰው አልነበረም። በ1899 ደግሞ ከሞተሩ የወጣ ጭስ የሙከራ ባልደረቦቹን በሙሉ ራሳቸውን አሳታቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ከዚያ ወዲህ አይጦች በቀፎ ተይዘው መግባት ጀመሩ። አይጧ ከወደቀች ሰውም መውጣት አለበት ማለት ነው።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል በአፕሪል 1900 ጀልባዋን በ150,000 ዶላር ገዛት። የሆላንድ ደስታ ግን ረጅም ዕድሜ አልነበረውም። ፓተንቱ የተያዘው ኤሌክትሪክ ቦት በተባለው ኩባንያ እጅ ነበር። ኩባንያው ንድፉን ለማን ሸጠ ቢባል፣ ከደንበኞቹ አንዷ ብሪታንያ ሆና ተገኘች። የመጀመሪያዋ የብሪታንያ ሰርጓጅ በኦክቶበር 1901 ውኃ ላይ ስትውል ስሟ ሆላንድ 1 ነበር። የአየርላንዱ ስደተኛ ስም በሚጠላው ባሕር ኃይል መርከብ ላይ ተጻፈ። በ1904 ከኩባንያው ለቀቀ፤ በግሉ ልሥራ ሲልም የቀድሞ አሠሪዎቹ ፍርድ ቤት አቆሙት።

ሞቱም ቀጠለ። ከሆላንድ ንድፍ ተስፋፍታ የተሠራችው የብሪታንያ ኤ1 በማርች 1904 በልምምድ ላይ ሳለች የመንገደኞች መርከብ ገጭቷት 11 ባሕርተኞቿ አለቁ። በ1905 ኤ5 የቤንዚን ትነት ፈንድቶባት ባሕርተኞች ሞቱ። የፈነዳችው አየርላንድ ውስጥ፣ ሆላንድ ወጣት መምህር በነበረበት በኮርክ ወደብ ነው። በዚያው ዓመት ኤ8 ሰጥማ 15 ሰዎች አለቁ።

በጣም የሚከብደው ግን የጃፓን ቁጥር 6 ታሪክ ነው። ይህችን ጀልባ ከኩባንያው ከወጣ በኋላ የነደፋት ሆላንድ ራሱ ነው። አፕሪል 15 ቀን 1910 በሂሮሺማ ወሽመጥ፣ የአየር ቧንቧዋን ከውኃ በላይ አውጥታ በቤንዚን ሞተር ስትሄድ ባሕሩ በቧንቧው ገባ። የመዝጊያው ሰንሰለት ከቦታው ወጣ፤ ጀልባዋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አዛዡ መቶ አለቃ ሳኩማ ትንፋሹ እስኪያጥር ድረስ በማስታወሻ ደብተሩ ጻፈ። የአደጋውን መንስኤ አንድ በአንድ ዘረዘረ፤ ለመርከቧ መጥፋት ንጉሠ ነገሥቱን ይቅርታ ጠየቀ፤ የባሕርተኞቹ ቤተሰቦች እንዳይቸገሩ አደራ አለ። 14ቱም ሞቱ። ጀልባዋ ስትወጣ ሥራቸውን ጥሎ የሸሸ አልተገኘም። የሆላንድ የመንሳፈፍ ብልሃት ብዙ ሰው አድኖ ይሆናል፤ የተከፈተ ቧንቧ ባለበት ግን አልሠራም።

ሆላንድ ኦገስት 12 ቀን 1914 በኒውርክ ከተማ፣ ያለ ሀብት፣ በ73 ዓመቱ አረፈ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ገና መጀመሩ ነበር። በ41ኛው ቀን አንዲት የጀርመን ሰርጓጅ በአንድ ጠዋት ሦስት የብሪታንያ የጦር መርከቦችን አስጥማ ከ1,400 በላይ ሰዎችን ገደለች። ሆላንድ በ1862 ያሰበው ነገር ተፈጸመ፤ የፈጸመው ግን ደካማው ወገን ሳይሆን ሌላው ገናና ኃይል ነው።

ነገሩ እኛም ደጃፍ ደርሷል። ኢጣልያ በጁን 1940 ወደ ጦርነቱ ስትገባ ምፅዋ ላይ ስምንት ሰርጓጆች ነበሯት። መቀሌ የተባለችው ፖርት ሱዳን አካባቢ እንድትጠብቅ ተላከች። ከማቀዝቀዣዋ ያመለጠው ሜቲል ክሎራይድ የተባለ ጋዝ ባሕርተኞቹን አሳበዳቸው፤ አቅጣጫ ስተው ጁን 15 ቀን ኮራል ላይ ወጡ። በደረቁ ደሴት ላይ አንዱ ሞተ፤ ሌሎቹ ከቀናት በኋላ ተረፉ። በሆላንድ ዘመን አይጥ ያስጠበቀው የማይታይ ጋዝ ከ40 ዓመት በኋላም አልተሸነፈም ነበር። ያ ወር ሳያልቅ ከስምንቱ አራቱ ጠፉ። ቀይ ባሕር የተዘጋበት የኢጣልያ ጦር አገር ውስጥ ብቻውን ቀረ። በማርች 1941 መጀመሪያ በአርበኞችና በጌዲዮን ጦር ግፊት ቡሬን ለቆ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍግ፣ ከባሕር የሚደርስለት ረዳት አልነበረውም።

ፊንያን ራም ዛሬ በፓተርሰን ሙዚየም ቆማለች። ሆላንድ 1 ደግሞ በ1913 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጣ ስትጎተት ሰጥማ፣ በ1982 ከባሕር ወጥታ እንግሊዝ አገር በጎስፖርት ትታያለች። አንዷ ብሪታንያን ለመውጋት፣ ሌላዋ ለብሪታንያ ተሠሩ። የሁለቱም አባት ግን አንድ ነው።