አርተር ኤዲንግተንና የዓሣ አጥማጁ መረብ

የሳይንስ ዕውቀት የት ድረስ ሊደርስ እንደሚችል አጥብቀው ከመረመሩት የፊዚክስ ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው አርተር ስታንሊ ኤዲንግተን ነው። በ1882 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኬንዳል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የሞተው እርሱ ገና ሕፃን ሳለ ስለነበረ እርሱንና እኅቱን ያሳደገች እናታቸው ናት። በ1904 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፈተና አንደኛ ወጣ፤ በ1913ም በዚያው የሥነ ፈለክ ፕሮፌሰር ሆነ።

ቤተሰቡ የኩዌከር እምነት ተከታይ ነበር። ይህ እምነት ጦር መሣሪያ ማንሣትን የሚከለክል፣ እውነትንም እያንዳንዱ ሰው በገዛ ውስጡ እንዲፈልጋት የሚያስተምር ነው። ኤዲንግተን በ1918 ከውትድርና ነጻ የወጣው በሥነ ፈለክ ሊቁ በፍራንክ ዳይሰን አማላጅነት ሲሆን፣ ውሉም ለመጪው የፀሐይ ግርዶሽ ጥናት እንዲዘጋጅ ነበር። በሜይ 29 ቀን 1919 ከአፍሪካ ምዕራብ ጠረፍ ማዶ በምትገኘው በፕሪንሲፔ ደሴት ካነሣቸው 16 ፎቶግራፎች አብዛኞቹን ደመና ከጥቅም ውጭ አደረጋቸው። የተረፉት ጥቂቶች በፀሐይ አጠገብ የሚያልፍ የከዋክብት ብርሃን 1.61 የማዕዘን ሴኮንድ ያህል መታጠፉን አሳዩ። የአይንሽታይን ስሌት 1.75፣ በኒውተን ሕግ የሚገኘው ደግሞ የዚህ እኩሌታ ነበር። ብራዚል ውስጥ ሶብራል ከተተከሉት ሁለት ቴሌስኮፖች አንዱ ለኒውተን የቀረበ ውጤት ቢሰጥም፣ ምስሉ ተዛብቷል ተብሎ ተተወ። ነገሩ ብዙ አከራክሯል፤ ሆኖም በ1979 ፎቶግራፎቹ እንደገና ሲለኩ ውጤታቸው አይንሽታይንን ደገፈ።

በ1927 በኤዲንበርግ በሰጣቸው ትምህርቶች የልኬትን ምንነት በአንድ ዝሆን አስረዳ። ዝሆን በሣር በተሸፈነ ኮረብታ ላይ ሲንሸራተት ፊዚክስ የሚይዘው ሚዛኑ ያነበበውን ሁለት ቶን፣ የማዕዘን መለኪያው ያሳየውን 60 ዲግሪና ይህን የመሳሰለውን ነው። ዝሆኑም ሣሩም ከስሌቱ ይወጣሉ፤ በእጅ የሚቀረው የመለኪያ ቀስት ንባብ ብቻ ይሆናል። ከንባቡ በስተጀርባ ያለው ነገር በራሱ ምን እንደሆነ ሳይንስ አይነግረንም። ሰው ከውስጥ ሆኖ በቀጥታ የሚያውቀው ነገር ቢኖር የገዛ ንቃተ ኅሊናውን ነው። ስለዚህ ኤዲንግተን የዓለም መሠረት ከኅሊና ጋር የሚዛመድ ሳይሆን አይቀርም ወደሚል አሳብ አዘነበለ። ይሁን እንጂ ፊዚክስ ሃይማኖትን ያረጋግጣል ከማለት ተቆጥቧል።

በ1939 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ በመረብ መሰለው። የመረቡ ዓይን ሁለት ኢንች የሆነ አጥማጅ ከሁለት ኢንች ያነሰ ዓሣ በባሕር ውስጥ የለም ብሎ ሕግ ቢያወጣ፣ ሕጉ የመረቡ እንጂ የባሕሩ አይደለም። እስከዚህ ድረስ ምሳሌው በመሣሪያ ለሚለካ ባለሙያ ሁሉ የሚበጅ ነው። ኤዲንግተን ግን አልፎ ሄደ፤ ሕጉ የመረቡ ከሆነ፣ ወደ ባሕር ሳይወርዱ መረቡን ብቻ በመመርመር ሕጉን ማግኘት እንደሚቻል አመነ። ከመጽሐፉ አስቀድሞ፣ በ1929 ገደማ፣ የብርሃንንና የኤሌክትሮንን ግንኙነት ጥንካሬ የሚገልጸው ቁጥር 136 እንደሚሆን በአሳብ ብቻ አስልቶ ነበር፤ ልኬቶች ወደ 137 ሲያመለክቱም አንድ የሚጨምርበት ምክንያት አላጣም። ዛሬ የሚታወቀው ልክ 137.036 ገደማ ሲሆን፣ ጭራሹን ሙሉ ቁጥር አይደለም።

የከፋው ግን በጃንዋሪ 11 ቀን 1935 ለንደን ውስጥ በሥነ ፈለክ ማኅበር ስብሰባ የሆነው ነው። የ24 ዓመቱ ሕንዳዊ ሱብራማኒያን ቻንድራሴካር፣ ነዳጁን የጨረሰ ኮከብ መጠነ ቁሱ ከፀሐይ 1.4 እጥፍ ገደማ ከበለጠ በነጭ ድንክነት ጸንቶ ሊቆም እንደማይችል በስሌት አሳየ። ኤዲንግተን ተከትሎት ተነሣና በአዳራሹ ፊት አፌዘበት። እንዲህ ያለው ኮከብ ብርሃን እንኳ እስከማያመልጠው ድረስ እየተጨመቀ እንደሚሄድ ከማንም ቀድሞ የተረዳው ራሱ ነበር። ነገር ግን ይህን ከንቱ አሳብ ነው ብሎ፣ ተፈጥሮ የሚከለክልበት ሕግ መኖር አለበት ሲል ደመደመ። የወጣቱን ስሌት ትክክለኛነት የተረዱ ታላላቅ የፊዚክስ ሰዎችም በአደባባይ ዝም አሉ።

ኤዲንግተን በኖቬምበር 1944 በካንሰር ሞተ፤ ስለ ቁጥሮቹ የጻፈው ያልተጠናቀቀ ሥራ በ1946 ታተመ። ቻንድራሴካር በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ ነበር። ለሟቹ መታሰቢያ ባደረገው ንግግርም ከካርል ሽቫርትስሺልድ ቀጥሎ የዘመኑ ታላቅ የሥነ ፈለክ ሰው አድርጎ አስቀመጠው። የኖቤል ሽልማት ለቻንድራሴካር የደረሰው በ1983 ነው።